ያልተጠበቀ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት፤ መነሻው፣ ትርጉሙና የትምህርት ቤቱ ኃላፊነት

መግቢያ

የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት በሚገለጽበት ሰሞን በየትምህርት ቤቱና በየቤቱ አዘውትሮ ከሚሰሙት ቃላት አንዱ «አልጠበቅሁም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት በትምህርታቸው ደካማ መሆናቸው ሲነገራቸው የኖሩ ተማሪዎች ብቻ አይደሉም። ከክፍላቸው ከአንደኛ እስከ ዐሥረኛ ሲወጡ የቆዩ፣ በየሴሚስተሩ ሰማንያና ዘጠና ሲያመጡ የነበሩ፣ ዩኒቨርሲቲ መግባታቸው በወላጆቻቸውም ሆነ በመምህራኖቻቸው ዘንድ የማያጠራጥር ይመስል የነበረ ወጣቶችም ይህንኑ ይላሉ። በመሆኑም ድንጋጤው የሚመነጨው ከውጤቱ ማነስ ብቻ አይደለም። ተማሪው ስለ ራሱ ችሎታ ለዓመታት ሲነገረው በኖረውና በአንድ ቀን በተገለጸለት ቁጥር መካከል ካለው ርቀትም ጭምር ነው።

ይህ ርቀት በአንድ ጀምበር የሚፈጠር አይደለም። ከዘጠነኛ ክፍል፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚሰፋ ሲሆን፣ ሳይታወቅ የሚቆየው የሚለካው ሰው ባለመኖሩ ነው። ስለሆነም ያልተጠበቀ ውጤት የተማሪው ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ትምህርት ቤቱ ለተማሪው ትክክለኛውን መረጃ በጊዜው አለመስጠቱንም የሚያመለክት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የችግሩ ስፋት፣ መነሻው፣ የውጤቱ ትርጉም፣ እንዲሁም ተማሪው፣ ወላጁና መምህሩ ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎች በቅደም ተከተል ይቀርባሉ።

1. የችግሩ ስፋት

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 (3.2 በመቶ)፣ በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 (5.4 በመቶ)፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 (8.4 በመቶ) የማለፊያውን ነጥብ አግኝተዋል። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ።

ከእነዚህ አኃዞች ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ ሳይቀበሉት የቀሩት ተማሪዎች ጥቂቶች ሳይሆኑ እጅግ ብዙዎቹ ናቸው። ከመቶ ተፈታኞች ዘጠና ከሚበልጡት አንዱ የሆነ ተማሪ ራሱን ብቻውን ከሰው በታች የቀረ አድርጎ የሚመለከትበት ምክንያት የለም። ሁለተኛ፣ በመላው ትምህርት ቤት አንድም ተማሪ ሳያልፍ ሲቀር ምክንያቱን በእያንዳንዱ ተማሪ ስንፍና ውስጥ ብቻ መፈለግ ከእውነታው ያርቃል። መምህሩ፣ መጽሐፉ፣ የትምህርት ሰዓቱና የምዘናው አሠራር በጋራ ሊመረመሩ ይገባል።

2. ውጤቱ ሳይጠበቅ የሚመጣባቸው ምክንያቶች

ሀ. የክፍል ደረጃና የአገር አቀፍ መስፈርት ልዩነት

በትምህርት ቤት የሚሰጠው ደረጃ አንዱን ተማሪ ከሌላው ጋር በማወዳደር የሚገኝ ነው። ስድሳ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ውስጥ አንደኛ የሚወጣ ሁልጊዜ ይኖራል፤ ክፍሉ በሙሉ ቢደክምም አንደኛነቱ አይቀርም። አገር አቀፉ ፈተና ግን ተማሪውን የሚያነጻጽረው ከክፍል ጓደኛው ጋር ሳይሆን ለሁሉም እኩል ከሆነ መስፈርት ጋር ነው። በመሆኑም ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ተማሪ ከማለፊያው ነጥብ በታች ሊቀር ይችላል፤ በሁለቱ ውጤቶች መካከልም ተቃርኖ የለም። ሁለቱ ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። ችግሩ ያለው ወላጅና ተማሪ ሁለቱን እንደ አንድ አድርገው መውሰዳቸው፣ ትምህርት ቤቱም ይህን ሳያርም ማለፉ ላይ ነው።

ለ. የትምህርት ቤት ነጥብ አሰጣጥ

በትምህርት ቤት ከመቶ የሚያዘው ነጥብ ፈተናን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራ፣ የደብተር አያያዝና የክፍል ተሳትፎ ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ተከታታይ ምዘና በመሠረቱ መልካም ዓላማ ያለው ነው፤ ይኸውም መምህሩ የተማሪውን ድክመት በጊዜው አግኝቶ እንዲያርም ማስቻል ነው። ሆኖም ምዘናው ነጥብ መሙያ ብቻ በሆነበት ቦታ አንድ ጎበዝ ተማሪ የሠራው የቡድን ሥራ ለአምስቱም እኩል ይመዘገባል፤ በፈተና ከ50 ነጥብ 18 ያገኘ ተማሪም ሌሎቹ ነጥቦች ሲደመሩለት 68 ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በሪፖርት ካርዱ ላይ የተጻፈው 68 ነው፤ በአገር አቀፉ ፈተና ላይ የሚጠብቀው ግን ያ 18 ነው።

ሐ. የማጣሪያ ፈተናው ወደ መጨረሻው ዓመት መዛወሩ

ከ1993 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በ10ኛ ክፍል መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና ይሰጥ ነበር። ይህ ፈተና ብዙ ወጣቶችን በለጋ ዕድሜያቸው ከመደበኛው ትምህርት ያስወጣ ስለነበር ብዙ ትችት ይቀርብበት ነበር። ያም ሆኖ ተማሪው ከትምህርት ቤቱ ውጭ በተዘጋጀ ሚዛን ምን እንደሚመዝን ከ12ኛ ክፍል ሁለት ዓመት አስቀድሞ ያሳውቀው ነበር። ፈተናው ከቀረ ወዲህ ከ8ኛ ክፍል በኋላ እስከ 12ኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ ብዙ ተማሪዎች ከውጭ የሚመጣ ምዘና ሳያዩ ይደርሳሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር የ10ኛ ክፍል ፈተና ይመለስ ማለት አለመሆኑ ነው። ሊባል የተፈለገው ፈተናው ይሰጠው የነበረውን መረጃ የሚተካ ነገር ትምህርት ቤቱ ራሱ ማዘጋጀት ነበረበት ነው።

መ. የፈተናው አሰጣጥና የመቁረጫው ነጥብ መለወጥ

ቀደም ሲል የመግቢያው ነጥብ በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲዎች ባላቸው የመቀበል አቅም ላይ ተመሥርቶ ከፍና ዝቅ ይል ነበር። ተማሪዎችም በየትምህርት ቤታቸው ይፈተኑ ስለነበር ኩረጃና የፈተና ስርቆት ውጤቱን ማዛባታቸው አልቀረም። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተሰጠ፤ የማለፊያውም ነጥብ ከአጠቃላዩ 50 በመቶ ሆኖ ተወሰነ። በዚህም ምክንያት ወንድምና እኅት፣ ጎረቤትና ጓደኛ «እኔ በዚህ ነጥብ ገብቻለሁ» እያሉ ሲያወርሷቸው የነበሩት ግምቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋ አጡ። ታላቅ ወንድሙ በገባበት ነጥብ የሚቀር ታናሽ ከወንድሙ ያነሰ ሆኖ አይደለም፤ የተለወጠው በሩ ነው።

3. ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

የአገር አቀፉ ፈተና ጥያቄዎች ተማሪው ከተሰጡት አማራጮች አንዱን እንዲመርጥ የሚያዙ ናቸው። የዚህ ዓይነቱን ፈተና ውጤት ለመረዳት ቀላል የሆነ ስሌት ማወቅ ይጠቅማል። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዳቸው አራት አማራጭ ያላቸው 100 ጥያቄዎች ቀርበዋል እንበል። ምንም የማያውቅ ተፈታኝ ሁሉንም በግምት ቢሞላ 25 ያህሉ ሊሳኩለት ይችላሉ። ሰላሳ ሦስቱን በእርግጥ የሚያውቅና ቀሪዎቹን 67 በግምት የሚሞላ ተፈታኝ ከግምቱ 17 ያህል ስለሚያገኝ ውጤቱ ወደ 50 ይደርሳል። ሃያ ስምንቱን የሚያውቀው ደግሞ በዚሁ ስሌት 46 ገደማ ያገኛል። ሰባቱን ብቻ የሚያውቅ ተፈታኝ ግን 30 ያገኛል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። በመጀመሪያ፣ በ46 እና በ50 መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ ጥያቄዎች አምስቱን ያህል የማወቅ ልዩነት ነው፤ ይህም በጥቂት ወራት ትጋት ሊሞላ የሚችል ነው። በ49.5 እና በ50.5 መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በግምት የተሞሉ ጥቂት ጥያቄዎች መሳካታቸውና አለመሳካታቸው ብቻ ሊያመጣው የሚችል ነው። የመግቢያ ነጥብ የግድ አንድ ቦታ ላይ መቆረጥ ስላለበት እንጂ፣ ከመሥመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉት ሁለት ተማሪዎች በዕውቀት የሚለያዩ ሆነው አይደለም። ስለዚህ ለጥቂት ነጥብ የቀረ ተማሪ «ችሎታ የለኝም» ብሎ መደምደሙ ቁጥሩ ያላለውን በቁጥሩ ላይ መጨመር ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ 30 ያገኘ ተማሪ ለማለፊያው የጎደለው 20 ነጥብ ብቻ መስሎ ቢታየውም በእውነቱ የጎደለው ከዚህ የበለጠ ነው፤ ከውጤቱ ውስጥ አብዛኛው የግምት ፍሬ ነውና። ይህ ተማሪ በአንድ ወር ጥናት ይሞላዋል ተብሎ ቢሸነገል በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ድንጋጤ ይገጥመዋል። በ2015 ዓ.ም. የመላው ተፈታኞች አማካይ ውጤት ከ30 በመቶ በታች የነበረ መሆኑ ሲታሰብ፣ የብዙኃኑ ችግር ከፈተናው ቀን ዝግጅት ያለፈና ከታችኛው ክፍል የሚጀምር መሆኑ ግልጽ ይሆናል። ማጽናናትና እውነቱን መደበቅ አንድ አለመሆናቸውን መምህሩ ሊገነዘበው የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህም ሌላ ፈተናው የሚለካቸው ነገሮች የተወሰኑ ናቸው። የእጅ ሙያን፣ ሰውን የማስተባበር ችሎታን፣ ታማኝነትን፣ ለሕፃናት ያለን ትዕግሥት፣ ቤተሰብን ለማገዝ እየሠሩ የመማር ጽናትን አይለካም። ይህ ፈተናውን ለማጣጣል የሚነገር አይደለም፤ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚያስፈልገውን መሠረታዊ ዕውቀት መለካት ተገቢ ነው። ነገር ግን ያልተለካን ነገር እንደ ወደቀ መቁጠር ስሕተት ነው።

4. «ወደቀ» የሚለው ቃል

በአማርኛ ፈተና ያላለፈ ተማሪ «ወደቀ» ይባላል። ቃሉ የተማሪውን ወረቀት ሳይሆን ተማሪውን ራሱን ይይዛል፤ «ውጤቱ አልደረሰም» ሳይሆን «ልጁ ወደቀ» ይባላልና። በወደቀ ዛፍ ምሳር እንደሚበዛበት ሁሉ፣ ወደቀ በተባለ ልጅ ላይም የወላጅ ወቀሳ፣ የዘመድ ምክርና የጎረቤት ንጽጽር ይበዛበታል። እያንዳንዱ ተናጋሪ የሚናገረው ለበጎ ነው፤ ልጁ ግን የሚሰማው የሁሉንም በአንድነት ነው።

የቃል ለውጥ ብቻውን ችግርን አይፈታም። ቢሆንም መምህራንና ርእሳነ መምህራን በይፋ ንግግራቸውና በማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ «የመግቢያ ነጥብ ያላገኙ» የሚለውን አገላለጽ ቢለማመዱ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ሐቁን ሳይቀንስ ይናገራል። ሁለተኛ፣ ከንግግሩ በኋላ «ታዲያ የቱ ትምህርት ነው የጎደለው?» ለሚለው ጥያቄ ቦታ ይተዋል። «ወደቀ» ከተባለ በኋላ ግን የሚጠየቅ ነገር አይቀርም።

5. ከውጤቱ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት

ሀ. ተማሪው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማዘንና መናደድ የሚጠበቅ ነው፤ ይህንንም እንደ ድክመት መቁጠር አይገባም። በእነዚህ ቀናት ትልቅ ውሳኔ መወሰን ግን ጎጂ ነው። ከዚህ በኋላ ተማሪው ጠቅላላ ድምሩን ትቶ ውጤቱን በየትምህርቱ መመልከት ይኖርበታል። ድምሩ ዝቅ ያለው ሁሉም ትምህርት በመጠኑ ስላነሰ ነው ወይስ አንድ ወይም ሁለት ትምህርት ወደ ታች ስለጎተተው? መልሱ የሚቀጥለውን እርምጃ ይወስናል። በሒሳብና በፊዚክስ ብቻ የተጎዳ ተማሪ ሊያጠና የሚገባውን ያውቃል። እንግሊዝኛው ዝቅ ያለ ተማሪ ግን አብዛኞቹ ሌሎች ትምህርቶችም በዚያው ቋንቋ የሚፈተኑ መሆናቸውን አስታውሶ መነሻውን ከዚያ ማድረግ ይኖርበታል። በውጤቱ ላይ የአመዘጋገብ ስሕተት አለ ብሎ በምክንያት የሚጠራጠር ተማሪም አቤቱታውን በተወሰነው ጊዜና መንገድ ሊያቀርብ ይገባዋል። ይሁንና የአቤቱታውን መልስ እየጠበቀ ሌላውን የምዝገባ ጊዜ ማሳለፍ የለበትም።

ለ. ወላጅ። ከወላጅ የሚጠበቀው የመጀመሪያው ነገር ማነጻጸርን መተው ነው። «የእገሌ ልጅ ገብታለች» የሚለው ንግግር ልጁ ያላወቀውን ነገር አያስታውቀውም፤ የቤቱን በር ግን ይዘጋበታል። ሁለተኛው፣ ልጁ በተስፋ መቁረጥ ስሜት ውስጥ ሳለ በደላሎች ማባበያ እንዳይታለል መጠበቅ ነው። ውጤት ከተገለጸ በኋላ ያሉት ወራት ወደ ዓረብ አገሮችና ወደ ደቡብ አፍሪካ በሕገ ወጥ መንገድ መሄድ እንደ ቀላል አማራጭ የሚቀርብባቸው ጊዜያት ናቸው። በአንድ ፈተና የታጣ ዓመት ይመለሳል፤ በበረሃና በባሕር ላይ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም። ልጁ መብላትና መተኛት ከተወ፣ ከሰው ከራቀ፣ ይልቁንም መኖር አልፈልግም የሚል ንግግር ከተናገረ፣ ነገሩን ኩርፊያ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ብቻውን ሳይተው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባዋል።

ሐ. መምህር። በብዙ ትምህርት ቤቶች ፈተናው ካለቀ በኋላ ተማሪውና ትምህርት ቤቱ አይገናኙም። ውጤቱ በተገለጸ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ የክፍል ኃላፊ መምህሩ ወይም የምክር አገልግሎት ባለሙያው ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ለሩብ ሰዓት እንኳ ቢያነጋግራቸው ብዙ ነገር ይለወጣል። በንግግሩ ሦስት ነገሮች መከናወናቸው በቂ ነው፤ ውጤቱን በየትምህርቱ ከተማሪው ጋር ማንበብ፣ ያሉትን አማራጮች ከነምዝገባ ጊዜያቸው በወረቀት ጽፎ መስጠት፣ ተማሪው ውሳኔውን የሚያሳውቅበትን ቀን መቁረጥ።

6. ክፍት ሆነው የሚገኙ መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ወይም ሬሚዲያል ትምህርት ነው። ይህ ፕሮግራም ለማለፊያው ነጥብ ለቀረቡ ተማሪዎች ለተወሰኑ ወራት ተምረውና ተፈትነው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት የሚጀምሩበትን ዕድል የሚሰጥ ነው። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ የሚወሰን ስለሆነ ያለፈውን ዓመት ቁጥር ይዞ ተስፋ ማድረግም ሆነ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

ሁለተኛው በግል ተፈታኝነት እንደገና መፈተን ነው። ይህ መንገድ የሚጠቅመው የጎደለው ነገር ተለይቶ ለታወቀለት ተማሪ ነው። ባለፈው ዓመት ባጠናበት መንገድ እንደገና የሚያጠና ተማሪ የሚጠብቀው ውጤት ካለፈው ብዙም የማይለይ ነው።

ሦስተኛው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ነው። ይህ ዘርፍ ለረጅም ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የተረፉ ተማሪዎች መሸሸጊያ ተደርጎ ሲታይ መቆየቱ ለዘርፉም ለተማሪውም ጎድቷል። በኤሌክትሪክ፣ በግንባታ፣ በተሽከርካሪ ጥገና ወይም በልብስ ስፌት በሚገባ የሠለጠነና የብቃት ምዘና ያለፈ ሰው ሥራ ለማግኘትም ሆነ ለመፍጠር የሚበቃ ነው። ሊመረጥ የሚገባው ግን ተማሪው ዝንባሌ ባለው ሙያ እንጂ መዝገቡ ክፍት ሆኖ በተገኘበት ብቻ አይደለም።

7. ወደ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ስለሚመጡት

አራተኛው መንገድ የመምህርነት ሥልጠና ሲሆን፣ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የ10ኛ ክፍል ፈተና ይሰጥ በነበረበት ዘመን ወደ መሰናዶ ያላለፉ ብዙ ወጣቶች ወደ መምህራን ኮሌጆች ይገቡ ነበር፤ ዛሬም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ካላገኙት መካከል ወደዚሁ የሚመጡ አሉ። ከእነዚህ ሠልጣኞች ብዙዎቹ በኮሌጁ የመጀመሪያ ዓመት የሚኖሩት ስላጡት ቦታ እያሰቡ ነው።

ይህ የግል ስሜት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ራሱን እንደ ወደቀ የሚቆጥር መምህር በአንደኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ከሁለት አንዱን ሊሆን ይችላል። የራሱን ቁስል ሳያውቅ ወደ ሕፃናቱ የሚያስተላልፍ፣ ቶሎ ያልገባውን ልጅ «አንተ አይሆንልህም» የሚል መምህር ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ አለመሳካት ምን እንደሆነ በራሱ ስለሚያውቅ፣ ኋላ የቀረውን ልጅ ከሌላው መምህር ቀድሞ የሚያይ መምህር ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው በአብዛኛው ኮሌጁ ሠልጣኙን የሚቀበልበት ሁኔታ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሴሚስተር በሥነ ልቡናና በምዘና ኮርሶች ውስጥ ሠልጣኞች የገዛ ውጤታቸውን እንደ ማስተማሪያ እንዲጠቀሙበት ማድረግ ይቻላል። የትምህርት ቤት ነጥባቸውንና የአገር አቀፍ ውጤታቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ቢመረምሩ፣ የደረጃና የመስፈርት ምዘናን ልዩነት ከማንኛውም መጽሐፍ በተሻለ ይረዱታል። ያሳፈራቸው ነገርም የሙያቸው ዕውቀት ይሆናል።

8. ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚችለው

ያልተጠበቀውን ውጤት የሚጠበቅ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚህ የሚከተሉት እርምጃዎች በማንኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊሠሩ ይችላሉ።

ሀ. በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን የትምህርት ቤት አማካይ ነጥብና የአገር አቀፍ ፈተና አማካይ ውጤት በየትምህርቱ በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ማስቀመጥ። ልዩነቱ በሁሉም ትምህርት ተመሳሳይ ከሆነ በመጀመሪያ የነጥብ አሰጣጡን መመርመር፣ በአንድ ትምህርት ብቻ ጎልቶ ከታየ ደግሞ የዚያን ትምህርት አሰጣጥ መፈተሽ ይገባል።

ለ. ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የክፍሉ መምህር ያላወጣውና በጎረቤት ትምህርት ቤቶች ትብብር የተዘጋጀ ፈተና መስጠት፤ ውጤቱንም ለደረጃ ሳይሆን ለመረጃ ብቻ መጠቀም።

ሐ. በሪፖርት ካርድ ላይ የፈተናን ነጥብ ከሌሎች ነጥቦች ለይቶ መጻፍ፣ ወላጅም ልዩነቱን እንዲያውቅ በስብሰባ ማስረዳት።

መ. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከፈተናው በፊት ቢያንስ ሁለት አማራጭ መንገዶችን እንዲያጠኑና በጽሑፍ እንዲያስቀምጡ ማድረግ። ሁለተኛ መንገድ ማዘጋጀት ለውድቀት መዘጋጀት አይደለም። አንድ ተስፋ ብቻ ይዞ የሚሄድ ተማሪ በፈተናው ጠረጴዛ ላይ የሚሸከመው ጭንቀት ከሌላው የከበደ ነው።

ማጠቃለያ

የዩኒቨርሲቲ ቦታ የተወሰነ በመሆኑና መስፈርቱም አስፈላጊ በመሆኑ ሳይቀበሉት የሚቀር ተማሪ ምንጊዜም ይኖራል። ትምህርት ቤት ሁሉንም ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ማስገባት አይችልም። የሚችለውና ግዴታውም የሆነው ለእያንዳንዱ ተማሪ የት እንደቆመ በጊዜው መንገር ነው። በ9ኛ ክፍል የተነገረ መራራ እውነት ሦስት የመታረሚያ ዓመታት አሉት፤ ያው እውነት በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ሲነገር ግን የሚቀረው ሐዘን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ተማሪው «አልጠበቅሁም» ባለ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ሊያቀርብ የሚገባው ጥያቄ ተማሪው ለምን እንዳላጠና ብቻ አይደለም፤ በአራት ዓመት ውስጥ ይህን እንዲጠብቅ ያስቻለው ማን ነበር የሚለውም ነው።